ዱር ቤቴ ያለው አሳማና የገጠር ቁጥጥሩ ፈተናዎች

ከበረት አምልጦ ወይም ሆን ተብሎ ተለቅቆ ዱር የገባ የቤት አሳማ በበርካታ አገሮች የገጠሩን ነዋሪ ክፉኛ የሚፈታተን እንስሳ ሆኗል። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ የሚገኙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለዚሁ አንድ እንስሳ መቆጣጠሪያ በጀት ይይዛሉ፤ ባለሙያ ይመድባሉ፤ ደንብም ያወጣሉ። ይሁንና ከጥቂት አካባቢዎች በስተቀር የተገኘው ውጤት ከወጣው ወጪና ከፈሰሰው ጉልበት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ይህ ጽሑፍ ቁጥጥሩ አስቸጋሪ የሆነባቸውን ምክንያቶች በዋናነት የአሜሪካን፣ በተለይም የቴክሳስን ልምድ መሠረት በማድረግ ያብራራል። በአገራችን ሰብል ላይ ጉዳት ከሚያደርሱት ከርከሮና የዱር አሳማ ጋር የሚገናኝበትንና የሚለይበትን ሁኔታም ያመለክታል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «የዱር አሳማ» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው በደናችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖረው አፍሪካዊ አውሬ ነው። እዚህ የሚነሳው ግን ሌላ ነው። በዝርያው ከቤት አሳማ ጋር አንድ የሆነ፣ ሰው አላምዶ ሲያረባው ከቆየ በኋላ ወደ ዱር ኑሮ የተመለሰ እንስሳ ነው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ጠጉሩ ይጎፈራል፤ የሚቆርጥለት ስለሌለም የክራንቻ ጥርሱ ይረዝማል። ከበረት ዘመዱ የሚለየውም በመልክ ብቻ ሳይሆን ከሰው በመሸሽ ጠባዩ ጭምር ነው። ለግልጽነት ሲባል በዚህ ጽሑፍ «ዱር የገባ አሳማ» እየተባለ ይጠራል።

አመጣጡ

አሳማ በአሜሪካ ምድር የተፈጥሮ ነዋሪ አይደለም። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ በ1493 ባደረገው ሁለተኛ ጉዞ ስምንት አሳማዎችን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች እንደወሰደ ይነገራል። የስፔኑ አሳሽ ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1539 ፍሎሪዳ ሲደርስ ለሠራዊቱ ስንቅ የሚሆኑ አሳማዎችን እያስነዳ ነበር። መንጋው በጉዞው ላይ እየተራባ ሄዶ ዴ ሶቶ እ.ኤ.አ በ1542 ሲሞት ቁጥሩ 700 ያህል ደርሶ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፋሪዎችም አሳማን በልቅ ማርባትን ልማድ አደረጉት። የእያንዳንዱ ባለቤት አሳማ በጆሮው ላይ በተቆረጠ ምልክት ይለያል፤ ዓመቱን ሙሉ በጫካ ውሎ ያድራል፤ ለእርድ ሲፈለግ ታድኖ ይያዛል። አጥር የሚታጠረው ለእንስሳው ሳይሆን ለሰብሉ ነበር። ልቅ ግጦሽን ለማስቀረት በየቀበሌው ለዓመታት ሲደክሙ የኖሩ የግብርና ልማት ሠራተኞቻችን የዚህ ልማድ ዳፋ ምን እንደሚመስል ለመገመት የሚቸገሩ አይመስልም። ሳይያዝ የቀረው አሳማ በዚያው ዱር ቤቴ አለ።

ሦስተኛው መንገድ አደን ነው። እ.ኤ.አ በ1912 በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ለመዝናኛ አደን ተብሎ ከአውሮፓ የመጣ የዱር አሳማ በተከለለ ቦታ እንዲራባ ተደረገ። ከጊዜ በኋላ አጥሩን ጥሶ ወጣና ቀድሞ ዱር ከገባው የቤት አሳማ ጋር ተዳቀለ። በቴክሳስም በ1930ዎቹ ተመሳሳይ ድርጊት ተፈጽሟል። ዛሬ በአሜሪካ ገጠር የሚታየው አብዛኛው መንጋ የሁለቱ ድቅል ነው።

ከ1980ዎቹ ወዲህ የታየው መስፋፋት ግን በእንስሳው እግር ብቻ የመጣ አይደለም። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት አሳማው ከዚያ በፊት ፈጽሞ ባልነበረበት አካባቢ በድንገት የሚታየው፣ አደን የሚወዱ ሰዎች በጭነት መኪና አጓጉዘው ስለሚለቁት ነው። የካናዳው ታሪክም ከዚህ ብዙም አይርቅም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አርሶ አደሩ የገቢ ምንጩን እንዲያሰፋ ታስቦ የአውሮፓ የዱር አሳማ ወደ አገሪቱ ገባ። ገበያው እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር ያመለጠውና የተለቀቀው በሳስካቸዋን፣ በአልበርታና በማኒቶባ ሜዳዎች ተሰራጨ። አንድን የልማት ሥራ ለማስጀመር የሚደረገውን ጥንቃቄ ያህል ሥራው ሲከስም እንስሳው የት እንደሚደርስ አለማሰብ ያስከተለው ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር በ2010ዎቹ ባወጣው ግምት ዱር የገባው አሳማ ቢያንስ በ35 ክፍለ ግዛቶች ይገኛል፤ ቁጥሩም ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የምትይዘው ቴክሳስ ስትሆን፣ ካሏት 254 ካውንቲዎች አሳማው ያልተስፋፋበት አንድ ብቻ እንደሆነ ይነገራል።

የሚያደርሰው ጉዳት

አሳማ የማይበላው ነገር ጥቂት ነው። ሥራሥር፣ እህል፣ ለውዝ፣ ፍራፍሬ፣ ትል፣ እንቁራሪት፣ የወፍና የኤሊ እንቁላል ሁሉ ምግቡ ነው። ከዚህ አልፎ አዲስ የተወለደ የበግ ግልገል እንደሚበላ የአውስትራሊያ በግ አርቢዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ። የሚመገበው ደግሞ መሬቱን በአፍንጫው እየገለበጠ በመሆኑ አንድ መንጋ በአንድ ሌሊት ያለፈበት ማሳ በቅጡ ያልታረሰ መሬት መስሎ ይገኛል። አርሶ አደሩን ይበልጥ የሚያስመርረው የዘር ወቅት ነው። አሳማው የተዘራውን በቆሎ ገና ሳይበቅል መስመሩን ተከትሎ ፍሬ በፍሬ እየለቀመ ስለሚሄድ ገበሬው ዘር፣ ነዳጅና ጉልበት ለሁለተኛ ጊዜ ለማውጣት ይገደዳል። ሁለተኛው ዘር የሚዘራው ወቅቱ ካለፈ በኋላ በመሆኑ ምርቱም ያንሳል።

ላብ አውጥቶ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል በሞቃት ወቅት ከውሃና ከጭቃ አይለይም። በዚህም ሳቢያ የምንጭና የወንዝ ዳር ይቦካል፤ ውሃው በኩሱ ይበከላል። እ.ኤ.አ በ2006 በአሜሪካ ከካሊፎርኒያ የመጣ ስፒናች የተባለ ቅጠላ ቅጠል የበሉ 200 ያህል ሰዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመው ሦስት ሰዎች ሞተዋል። መርማሪዎች ተመሳሳዩን ባክቴሪያ በእርሻው አቅራቢያ በነበሩ ከብቶችና ዱር በገቡ አሳማዎች ላይ አግኝተዋል።

ጉዳቱን በገንዘብ መተመን ግን ቀላል አልሆነም። የግብርና ሚኒስቴሩ አሳማው በግብርናው ዘርፍ ላይ በየዓመቱ 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ይገልጻል። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናት በበኩሉ በ11 ክፍለ ግዛቶች በስድስት የሰብል ዓይነቶች ላይ ብቻ የደረሰውን ጉዳት 190 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። አንዱ ሰብሉን ብቻ ሲይዝ ሌላው ሰፋ ያለውን የሚቆጥር በመሆኑ አኃዞቹ አይቃረኑም፤ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ግን የትኛውን እንደሚጠቅስ ለይቶ ማስፈር ይኖርበታል። ጉዳዩን ከአየር ንብረት ጋር ያያያዘም አለ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓለም ዙሪያ ዱር የገቡ አሳማዎች አፈር በመገልበጥ ብቻ በዓመት 4 ነጥብ 9 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለቀቅ ያደርጋሉ።

ቁጥጥሩ ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ምክንያት የመራባት ፍጥነቱ ነው። ሴቷ አሳማ ገና በስድስትና በስምንት ወር ዕድሜዋ ልትፀንስ ትችላለች። የእርግዝናዋ ጊዜ 115 ቀናት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ በአማካይ ከአራት እስከ ስድስት ግልገሎች ትወልዳለች፤ መኖው ሲመቻት ከአሥር በላይ ልትወልድ፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ልትደግም ትችላለች። ከደረሰ አሳማ ጋር የሚጋፈጥ አዳኝ አውሬም በአብዛኛው የአሜሪካ ገጠር የለም።

የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010ዎቹ መጀመሪያ ባቀረቡት ስሌት በክፍለ ግዛቷ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ያህል አሳማ እንደሚኖር ገምተው ነበር። በአደን፣ በወጥመድና በሌሎች ዘዴዎች በዓመት የሚወገደው ከ750 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ይህም ከጠቅላላው ከመቶ 29 ያህሉ ነው። በዚህ መጠን እየተወገደ እንኳ መንጋው በአምስት ዓመት ገደማ በእጥፍ ያድጋል። ዕድገቱን ለመግታት ብቻ በየዓመቱ ከመቶ 66 ያህሉን፣ ያውም ለተከታታይ ዓመታት ማስወገድ ያስፈልጋል።

ይህ ስሌት ለአስተዳደር ሠራተኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ እንስሳ ተወገደ የሚል ሪፖርት ለሚያነበው ሰው ከፍተኛ አፈጻጸም ይመስላል። በተግባር ግን በዚያው ዓመት የተወለደው ከተወገደው ይበልጣል። የተገደለውን ቆጥሮ ማቅረብ የሚቀለውን ያህል የቀረውን መቁጠር አይቀልም፤ ሥራው የሚመዘነው ግን በቀረው ነው። የመቁጠሩን ችግር የአውስትራሊያ ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። በዚያች አገር አሳማ እ.ኤ.አ በ1788 ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር ገባ። ለረጅም ዓመታት ቁጥሩ እስከ 24 ሚሊዮን ይደርሳል ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ2020 የወጣ አዲስ ስሌት አማካዩን ወደ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን አውርዶታል። አሳማው በመካከሉ አላለቀም፤ የተለወጠው የግምቱ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ችግር የእንስሳው ብልህነት ነው። ሴቶቹና ግልገሎቹ በአንድ መንጋ ይኖራሉ፤ አውራው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይሄዳል። በአነስተኛ የሣጥን ወጥመድ ሁለትና ሦስት አሳማ ሲያዝ የቀሩት ከውጭ ሆነው የሆነውን ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማናቸውም ወጥመድ አይቀርቡም። በመሆኑም ባለሙያዎች የሚመክሩት መንጋውን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚከብ ሰፊ የአጥር ወጥመድ ነው። አሠራሩ ትዕግሥትን ይጠይቃል። በመጀመሪያ የኮመጠጠ በቆሎ ለቀናት በሜዳው ላይ ይበተናል፤ በካሜራ የመንጋው ቁጥር ይለያል፤ አጥሩ ደረጃ በደረጃ ይተከላል፤ በሩ የሚዘጋው የመጨረሻዋ አሳማ መግባቷ በስልክ መስመር በሚተላለፍ ምስል ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አንዷ ከውጭ ከቀረች ሰውየው ያን ሌሊት በሩን ሳይዘጋ ይተዋል። እንዲህ ያለው ወጥመድ ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ በመሆኑ ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው፤ በአካባቢ ማኅበርና በመንግሥት ድጋፍ የሚገዛውም ለዚሁ ነው።

ከአየር ላይ በሄሊኮፕተር መተኮስ በተራቆተና በተንጣለለ ሜዳ ውጤት ያስገኛል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ በ2011 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች ገንዘብ ከፍለው ከሄሊኮፕተር አሳማ እንዲያድኑ ፈቅዳለች። እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ በሞቃት አየር ከሚንሳፈፍ ባሉን ላይ መተኮስም ተፈቅዷል፤ ከዚህኛው ዘዴ ብዙ የሚጠበቅ አይመስልም። በደን በተሸፈነ አካባቢ ግን ሄሊኮፕተሩ የዛፍ ጫፍ ከማየት አያልፍም። የተሳደደውም መንጋ ከቀን ወደ ሌሊት ኑሮ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ባለሙያዎች አንዲትን አሳማ ይዘው አንገቷ ላይ ምልክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ያስሩና ይለቋታል፤ እርሷም ሳታውቀው ወገኖቿ የተደበቁበትን ታሳያለች። ይህች እንስሳ በሙያው ቋንቋ «የይሁዳ አሳማ» ትባላለች።

መርዝን በተመለከተ ያለው ክርክር ገና አልተቋጨም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ2017 መጀመሪያ ዋርፋሪን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዘ የአሳማ መርዝ መዘገበ። የቴክሳስ የግብርና ኮሚሽነር ሲድ ሚለርም አሳማውን ለማጥፋት ዓይነተኛ መሣሪያ እንደሚሆን አስታወቁ። ይሁንና የአሳማውን ሥጋ በማቀነባበር የሚተዳደር ድርጅት ፍርድ ቤት ሄደ፤ አዳኞችም ተቃወሙ፤ አምራቹ ኩባንያ በጥቂት ወራት ውስጥ ምርቱን ከክፍለ ግዛቷ አስወጣ። መርዙ በቴክሳስ በተወሰነ ቁጥጥር ሥር እንዲውል የተፈቀደው እ.ኤ.አ በ2024 ነው። ሶዲየም ናይትራይት የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር በአውስትራሊያ ለአገልግሎት ሲውል፣ በቴክሳስ በተካሄደ የመስክ ሙከራ ግን ከአሳማው አፍ የተራገፈውን የለቀሙ ወፎች በመሞታቸው ሙከራው ተቋርጦ ዘዴው እንዲሻሻል ተደርጓል።

የአደኑ አያዎ

ከሁሉም በላይ ለፖሊሲ አውጪዎች ትምህርት የሚሆነው የአደን ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው እንዲያድን ከተፈቀደ እንስሳው ይቀንሳል የሚለው አስተሳሰብ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። የቴነሲ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ በ1999 በዚሁ እምነት ገደብ የለሽ የአሳማ አደን ወቅት በመላ ግዛቱ አወጀች። ከዚያ በፊት በጥቂት ካውንቲዎች ተወስኖ የነበረው አሳማ በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ አብዛኞቹ ካውንቲዎች ተዛመተ። ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። አደኑ ሲፈቀድ እንስሳው ተፈላጊ ሆነ፤ ተፈላጊ ሲሆን በየቤቱ አቅራቢያ እንዲኖረው የሚፈልግ ሰው በመኪና አምጥቶ ለቀቀው። ክፍለ ግዛቷ እ.ኤ.አ በ2011 ፖሊሲዋን ቀይራ አሳማውን ከታዳኝ እንስሳት መዝገብ አስወጣች፤ የቁጥጥሩንም ሥራ ለባለ መሬቶችና ለባለሙያዎች ሰጠች። የሚዙሪ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ በ2016 በሚያስተዳድረው መሬት ላይ አሳማ ማደንን ከልክሏል። የአንድ አዳኝ ጥይት ባለሙያው ለሳምንታት በበቆሎ ያባበለውን መንጋ በደቂቃ ውስጥ ስለሚበትን ነው።

የወሮታ ክፍያም ከዚህ የተለየ ውጤት አላመጣም። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በሚገኘው የፎርት ቤኒንግ የጦር ሰፈር እ.ኤ.አ ከ2007 እስከ 2008 ለአንድ የአሳማ ጅራት 40 ዶላር እንዲከፈል ተደርጎ ከ1 ሺህ 100 በላይ ጅራት ቀረበ። ሥራውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እንደደረሱበት የመንጋው ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። አዳኞቹ አሳማውን ለመሳብ የበተኑት እህል ሴቶቹን እያወፈረ የሚወልዱትን አበዛው፤ የሚተኩሱትም ለመራባቱ ወሳኝ የሆኑትን ሴቶችና ግልገሎች ሳይሆን በአብዛኛው ትላልቅ ወንዶቹን መርጠው ነበር። ክፍያው በቅን ልቦና የታሰበ ቢሆንም የተከፈለው ለጅራት እንጂ ለዳነ ሰብል ባለመሆኑ የተገኘውም ጅራት ነው።

ቴክሳስ በበኩሏ ሌላ አቅጣጫ መርጣለች። እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ በባለቤቱ ፈቃድ አሳማ ለማደን የአደን ፈቃድ አያስፈልግም። ከክፍለ ግዛቷ መሬት ከመቶ 95 የሚበልጠው በግለሰቦች የተያዘ በመሆኑ መንግሥት በራሱ ሠራተኞች ሊሸፍነው አይችልም። ችግሩ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ባለ መሬት በወጥመድ ሲያጠፋ ጎረቤቱ ለአዳኞች እያከራየ ገቢ ያገኝበታል፤ ሦስተኛው በከተማ የሚኖር በመሆኑ መሬቱን ከዓመት ዓመት አያየውም። አሳማው ደግሞ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አያውቅም። እ.ኤ.አ በ2014 የተቋቋመው ብሔራዊ የአሳማ ጉዳት መከላከያ ፕሮግራም በ20 ሚሊዮን ዶላር ሥራውን ሲጀምር ያተኮረው ይህን የተበታተነ ጥረት ማቀናጀት ላይ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2018 ባጸደቀው የግብርና ሕግ ለአምስት ዓመት የሚሆን ተጨማሪ 75 ሚሊዮን ዶላር ለሙከራ ሥራ ተመድቧል።

የተሳካላቸው

ውጤት የተገኘባቸው ቦታዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት መንጋው ገና ጥቂት ሳለ ዝርያውን መያዝ፣ መሸጥና ማጓጓዝን ከለከለች፤ እ.ኤ.አ በ2014 ኅብረተሰቡ በራሱ እንዳያድን አገደች፤ ሥራውን ለባለሙያ ሰጥታ እ.ኤ.አ በ2016 ከአሳማው ነፃ መሆኗን አስታወቀች። ኮሎራዶም እ.ኤ.አ በ2020 ተመሳሳይ መግለጫ ሰጥታለች።

በካሊፎርኒያ ጠረፍ በምትገኘው ሳንታ ክሩዝ ደሴት የተሠራው ሥራ ደግሞ በዝርዝሩ ይታወቃል። ደሴቲቱ በአጥር በአምስት ተከፍላ ከ5 ሺህ በላይ አሳማዎች ክፍል በክፍል ተወገዱ። ሥራው እ.ኤ.አ በ2005 ተጀምሮ በሁለት ዓመት ገደማ ተጠናቋል። የአሳማው ግልገሎች ንስሮችን ወደ ደሴቲቱ ስበው፣ ንስሮቹ ደግሞ በሌላ ቦታ የማትገኘውን ትንሿን የደሴት ቀበሮ ሊፈጇት ደርሰው ነበር። አሳማው ከጠፋና ንስሮቹ ከተነሱ በኋላ ቀበሮዋ አገግማ እ.ኤ.አ በ2016 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ወጥታለች። ደሴት ግን ዙሪያዋን ባሕር ያጠራት ናት፤ ለሜዳማው ቴክሳስ ይህ ዕድል የለውም።

የበሽታው ሥጋት

ዱር የገባ አሳማ ብሩሴሎሲስን የመሳሰሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ቤት እንስሳት ሊያስተላልፍ ይችላል። ባለሥልጣናትን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ግን የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ነው። በሽታው ሰውን አይዝም፤ የያዘውን የቤት አሳማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ በ1921 በኬንያ ሲሆን፣ ቫይረሱ በተፈጥሮ የሚኖረው በከርከሮና በጉድጓዱ ውስጥ በሚገኝ መዥገር ነው። ከርከሮው ራሱ አይታመምም። እ.ኤ.አ በ2007 በጆርጂያ ሪፐብሊክ ከታየ በኋላ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተዛመተ፤ እ.ኤ.አ በ2018 ቻይና ደረሰ፤ እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በሄይቲ ተከሰተ። አሜሪካ እስከዚህ የቀረበው በሽታ ዱር በገባው መንጋ ውስጥ ከገባ ማስወጣቱ አይሞከርም የሚል ሥጋት አላት።

የአውሮፓ ልምድ ሥጋቱ መሠረት ያለው መሆኑን ያሳያል። ቼክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ በ2017 በዱር አሳማዎቿ ላይ በሽታው ሲገኝ በመጀመሪያ የወሰደችው እርምጃ በማዕከላዊው አካባቢ አደንን መከልከል ነበር፤ የተባረረ አሳማ በሽታውን ይዞ ይሄዳልና። አካባቢው ታጠረ፤ የሞቱት እየተፈለጉ ተነሱ፤ የፖሊስ አልሞ ተኳሾች የተሰማሩት ከዚያ በኋላ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ በ2019 ነፃ ብትባልም በሽታው እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ ተመልሶ ገብቷል። ዴንማርክ በበኩሏ እ.ኤ.አ በ2019 ከጀርመን ጋር በሚያዋስናት ድንበር 70 ኪሎ ሜትር ያህል አጥር ሠርታለች።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ ዱር የገባ የቤት አሳማ መንጋ በግብርና ላይ የተደቀነ ችግር አይደለም። አሳማ ማርባት በጥቂት ከተሞች ዙሪያ የተወሰነ ነው፤ ሥጋውም በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ አይበላም። በአንጻሩ የአሳማ ወገን የሆኑ አገር በቀል አውሬዎች አሉን፤ እነርሱም ከርከሮ፣ በምሥራቁ ቆላ የሚገኘው የበረሃ ከርከሮ፣ የዱር አሳማና በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖረው ግዙፉ የደን አሳማ ናቸው። በነገራችን ላይ የዱር አሳማው አንዱ ንዑስ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ «ሐሳማ» ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ በ1863 የሰጠው ጀርመናዊው አሳሽ ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ነው።

እነዚህ አውሬዎች በገዛ አገራቸው የሚኖሩ በመሆናቸው እንደ ቴክሳሱ አሳማ ይጥፉ አይባልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን አይፈቅድም። ለአርሶ አደሩ ግን የሰብሉ ጥፋት ያው ነው። በጅማ ዞን ደንና እርሻ በተጎራበቱባቸው ቀበሌዎች የተካሄዱ ጥናቶች ዝንጀሮና የዱር አሳማ ከፍተኛ ጉዳት ከሚያደርሱት መካከል እንደሆኑ ያመለክታሉ። ዝንጀሮው ቀን ይመጣል፤ የዱር አሳማው ሌሊት ይመጣል። ስለዚህ በቆሎው ማሸት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስኪሰበሰብ ድረስ ቤተሰቡ በፈረቃ ማሳውን ይጠብቃል፤ አባት በማማ ላይ ሌሊቱን በብርድና በዝናብ ያድራል፤ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቀኑን ሲውል ከትምህርት ገበታው ይቀራል። ይህ የጉልበትና የጊዜ ወጪ በወረዳ የምርት ሪፖርት ውስጥ አይታይም። ከደን ዳር ያለውን ማሳ ጨርሶ የተወ ገበሬም በሪፖርቱ የሚቆጠረው መሬቱን ያላረሰ ተብሎ ነው።

ከቴክሳስ ልምድ እዚህ ሊሠራ የሚችለው የመሣሪያው ጉዳይ ሳይሆን የአደረጃጀቱ ነው። ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ ዘርተው በጋራ ሲጠብቁ የእያንዳንዱ የጥበቃ ሌሊት ይቀንሳል። በቆሎውን ወደ መንደሩ አቅርቦ፣ ደን ዳሩን አውሬው እምብዛም ለማይደፍራቸው እንደ ሻይና ቃሪያ ላሉ ተክሎች መተው የሚመክሩ ባለሙያዎችም አሉ። የደረሰው ጉዳት በቀበሌ ደረጃ በማሳ፣ በቀንና በአውሬው ዓይነት ተለይቶ ካልተመዘገበ ግን የትኛው ዘዴ እንደሠራ መናገር አይቻልም።

በአሳማ እርባታ የተሰማሩትን የሚመለከተው የበሽታው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ የቤት አሳማዎች ላይ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት መከሰቱ ተረጋግጧል፤ የተገኘውም ቫይረስ ቀደም ሲል ከታወቁት የተለየ ዓይነት ሆኖ 23ኛው ተብሎ ተመዝግቧል። ቬትናም ክትባት ለገበያ ያዋለችው በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ በ2023 ሲሆን አጠቃቀሙ እስካሁን በጥቂት አገሮች የተወሰነ ነው። በመሆኑም መከላከያው አጥርና የመኖ ጥንቃቄ ነው። የሆቴል ትራፊ ምግብ በሚገባ ሳይፈላ ለአሳማ መሰጠት የለበትም፤ ቫይረሱ በጨው በታሸና በደረቀ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያልና። በደን አቅራቢያ የሚቋቋም እርባታ ደግሞ ከርከሮና የዱር አሳማ ከበረቱ እንዳይደርሱ፣ የበረቱም አሳማ እንዳይወጣ በመካከሉ ክፍተት ያለው ድርብ አጥር ያስፈልገዋል። ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳ ጽሕፈት ቤት አጥሩን ማየት ያለበት አሳማዎቹ ከመግባታቸው በፊት ነው።